የምድር ባቡር በበረሃ እንዴት ይሠራል?
(ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ከተዘረጋው ሐዲድ የሚገኝ ትምህርት)

በሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው በረሃ ማለት ምን እንደ ሆነ በቃል ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ ጧት ከቤታችን ስንወጣ ውሃውን እናያለን፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የሚነፍሰውም ነፋስ እርጥበት አለው። ነገር ግን ከአምባሰል ተራሮች ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱና ባቲን ሲያልፉ፥ ዛፉ እያጠረ፥ ሣሩ እየሳሳ፥ ፀሐዩም እየበረታ ይሄዳል። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ግመሉን እየሳበ የሚወጣው የአፋር ሰው የሚኖረው በዚያ አገር ነው።

እንዲህ ባለው አገር ላይ የምድር ባቡር መሥራት እንዴት ይቻላል? ብዙ ሰው መልሱን በብረቱ ብዛትና በመሐንዲሱ ብልሃት ብቻ ይገምተዋል። ብረትም ብልሃትም በርግጥ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ የአገራችንን የባቡር ታሪክ በጥንቃቄ ያጠና ሰው ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ያገኛል። ይኸውም በረሃ ባዶ መስሎ የሚታየው ለማያውቀው ሰው መሆኑ ነው። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ ደረቁ ወንዝ ጎርፍ የሚመጣበት ወራት አለው፤ ግጦሹ የከብት ጠባቂው እርሻ ነው። ይህንን አስቀድሞ ያላሰበ ሠሪ፥ በመጀመሪያ ያልከፈለውን ዋጋ በኋላ ከነወለዱ ይከፍላል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በምሳሌ ማስረዳት ነው።

1. ሥራው እንዴት ተጀመረ

ባቡር ከመሠራቱ በፊት ከባሕር ዳርቻ ወደ ሸዋ ዕቃ ይመጣ የነበረው በግመልና በበቅሎ ነበር። ጉዞው ብዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ በመንገድም ላይ ከብቱ ይሞታል፤ ዕቃው ይጠፋል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ይህንን ችግር ተመልክተው፥ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ በአገልግሎታቸው ለነበረው ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ መሥሪያ ፈቃድ ሰጡት። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚቆይ ሲሆን፥ መንገዱ በሦስት ክፍል እንዲሠራ ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ኢልግም ሌዎን ሸፍኖ ከሚባለው ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አቋቋመ።

ሥራው በጅቡቲ በጥቅምት ወር 1890 ዓ.ም. ተጀመረ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እንዲህ ያለ ጠባብ መንገድ ወጪው ያነሰ ነው፤ በተራራና በገደል አጠገብም በቀላሉ ይጠማዘዛል። ሐዲዱ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሲሆን፥ የተሠራው ርዝመት 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 310 ኪሎ ሜትር በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሠራ፥ በቀን የሚደርሰው ከ160 እስከ 170 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ዘመን እንግሊዞች በጎረቤታችን በሱዳን ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ የኑቢያን በረሃ የሚያቋርጥ ባቡር ሠርተው ነበር። እርሱም 370 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፥ ከጥር እስከ ጥቅምት 1897 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ማለት በዐሥር ወር ውስጥ አለቀ። በቀን ሲካፈል ከ1,200 ሜትር ይበልጣል። ታዲያ ሁለቱም በረሃ ከሆኑ፥ የሱዳኑ ሰባት እጅ የፈጠነው ስለ ምንድን ነው?

የሱዳኑ መንገድ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ነበር፤ የሠራውም ለጦርነት የሚቸኩል፥ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈለው ሠራዊት ነበር። በመንገዱም መካከል የሚኖር ሕዝብ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የእኛው ግን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ እስከ 1,200 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ገደል ከገደል ይሻገራል፤ የሰው ግጦሽና የሰው ጉድጓድ ያቋርጣል፤ ገንዘቡም በብድር የተሰበሰበ ነበር። ስለዚህ በረሃ ሁሉ አንድ አይደለም። መሐንዲስ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «በረሃው ምን ያህል ይረዝማል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ዓይነት በረሃ ነው? ማንስ ይኖርበታል?» ብሎ ነው።

2. ስለ ውሃ

በዚያን ጊዜ ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ኀይል ነበር። እሳት በብረት ጋን ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል፤ ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት መንኰራኩሩን የሚያዞረውን ብረት ይገፋል። እንፋሎቱም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወደ አየር ይበተናል። እንግዲህ ባቡሩ እንደ ከብት በየጊዜው ውሃ መጠጣት አለበት ማለት ነው። ከሰልና እንጨት ከሩቅ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ ውሃ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ይመዝናልና። ባቡር የራሱን ውሃ ብቻ ተሸክሞ ሲሄድ ለሸቀጥ የሚሆን ኀይል አይተርፈውም።

ሌላም ችግር አለ። የበረሃ ጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨውና ኖራ የተቀላቀለበት ነው። ውሃው እየፈላ ሲያልቅ ጨውና ኖራው በጋኑ ግድግዳ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። በእናቶቻችን ቤት በጀበና ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር እንደዚሁ ነው። ንብርብሩ ሲወፍር እሳቱ ውሃውን በደንብ አያገኘውም፤ ነዳጅ በከንቱ ይባክናል፤ ብረቱም ከመጠን በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

በሱዳን በረሃ በመንገዱ ላይ በሁለት ስፍራ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ በመገኘቱ ሥራው ተቃና። ከጅቡቲ እስከ ድሬ ዳዋ ባለው አገር ደግሞ ውሃ የሚገኝባቸውን ስፍራዎች የኢሳና የአፋር ከብት አርቢዎች ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቋቸው ነበር። ነጋዴዎችም በግመል ሲጓዙ የሚያድሩት በእነዚሁ ጉድጓዶች አጠገብ ነበር። ስለዚህ የባቡሩ መሐንዲስና የግመሉ ባለቤት የሚፈልጉት ነገር አንድ ሆነ። አንዱ ጉድጓድ ለሁለቱም በማይበቃበት ጊዜ ጠብ እንደሚነሣ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

3. ስለ ሙቀትና ስለ ጎርፍ

ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም፥ ሲቀዘቅዝም እንደሚያጥር በሳይንስ ትምህርት ተምረናል። አንድ የብረት ሐዲድ በአንድ ዲግሪ ሙቀት የሚረዝመው ከርዝመቱ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ነው። ይህ እጅግ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በበረሃ ሐዲዱ በሌሊት ቅዝቃዜና በቀትር ፀሐይ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው፥ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ 48 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ማለት አንድ ክንድ ያህል ነው። ይህ ጭማሪ የሚገባበት ቦታ ካልተተወለት፥ ሐዲዱ እንደ እባብ ይጣመምና ባቡሩን ይጥለዋል። ስለዚህ በድሮው አሠራር ሐዲዱ አጫጭር ሆኖ እየተቈረጠ፥ በሁለት ጫፎች መካከል ትንሽ ክፍተት ይተው ነበር። ባቡር ሲሄድ ይሰማ የነበረው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መንኰራኩሩ ይህንን ክፍተት ሲሻገር የሚያሰማው ነው።

ሐዲዱን ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚዎችም በብዙ አገር ከእንጨት ይሠሩ ነበር። በቈላ ግን እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል። በዚህ ምክንያት በጅቡቲው መንገድ ላይ አግዳሚዎቹ ከብረት ተሠሩ።

ከሙቀቱ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው ጎርፍ ነው። የበረሃ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ ግመል ይተኛበታል። በደጋው ዝናም በዘነበ ጊዜ ግን፥ በቈላው ሰማይ ደመና ሳይታይ፥ ውሃው እንደ ግድግዳ ሆኖ ይደርሳል። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚሉት በእንዲህ ያለው ወንዝ ላይ በደንብ ይታያል። ስለዚህ ውሃ በማይታይበት ስፍራ ትልቅ ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። ከጅቡቲ ብዙ ሳይርቅ በሸበሌና በሆልሆል ገደሎች ላይ የብረት ድልድዮች ተሠሩ። የሆልሆሉ ድልድይ 138 ሜትር ይረዝማል፤ ከፍታውም 29 ሜትር ያህል ነው። በበጋ ያየው ሰው «ለዚህ ደረቅ ድንጋይ ይህ ሁሉ ብረት ለምን?» ሊል ይችላል። መልሱን የሚሰጠው ክረምት ነው።

ይህ ነገር የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ባቡሩ በወለዳት በድሬ ዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ደረቅ ወንዝ ባዶ መሬት አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

4. ስለ ዳገት

ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር እጅግ ይቀልለዋል፤ የባቡርም ጥቅም ይህ ነው። በሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለመጎተት የሚያስፈልገው ኀይል 5 ኪሎ ያህል ዕቃ ከማንሣት አይበልጥም። ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በ1,000 ሜትር ጉዞ አንድ ሜትር በወጣን ቍጥር፥ በያንዳንዱ ቶን ላይ አንድ ኪሎ ይጨመራል። መንገዱ በ1,000 ሜትር 25 ሜትር ቢወጣ፥ 5 ኪሎ የነበረው 30 ኪሎ ይሆናል። በሜዳ ስድስት ሠረገላ ይስብ የነበረ ሞተር እዚህ አንዱን ብቻ ይስባል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን መንኰራኩሩ ባለበት እየተንሸራተተ ይቀራል።

የሐረር ጉዳይ የተወሰነው በዚህ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ፈቃድ ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ሐረር ግን በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ እርስዋ ለመውጣት ዋጋው እጅግ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በቈላው ቀረ፤ በዚያም በ1895 ዓ.ም. አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፤ በኋላ ድሬ ዳዋ በሚለው ስም ጸናች። የባቡር ጥገና ሥራ ቤት ስለ ተተከለባት፥ ከየነገዱ የመጡ ሰዎች ብረት መቀጥቀጥን፥ መበየድን፥ ሞተር መፍታትንና መግጠምን የተማሩባት ከተማ ሆነች።

አንዱ ከተማ ሲወለድ ሌላው እንደሚደክም ግን መዘንጋት አይገባም። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣው የግመል ጭነት ያርፍባት የነበረችው ጀልዴሳ፥ ባቡሩ ከመጣ በኋላ ገበያዋ ፈረሰ። የዘይላም ወደብ እየተዳከመ ሄደ። ሐዲድ በአንድ በኩል ሲያልፍ በሌላ በኩል የነበረውን መንገድ ይዘጋል።

5. ስለ አገሩ ሰዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሐዲዱ የተዘረጋበት አገር የኢሳና የአፋር ሕዝብ መኖሪያ ነው። እነዚህ ሰዎች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዝናም ወደ ዘነበበት ይሄዳሉ፤ በበጋ ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ መንገደኛ በአንዱ ወር ሲያልፍ ሰው ባያይ «ባለቤት የለውም» ሊል ይችላል፤ በሌላው ወር ቢያልፍ ግን በብዙ መንጋ የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። ደግሞም ከከብቱ ሌላ መተዳደሪያቸው ግመል ለነጋዴ ማከራየትና መንገደኛን መምራትና መጠበቅ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ይህንን ገቢ እንደሚወስድባቸው ገብቷቸው ነበር።

ከዚህም የተነሣ በሥራው መጀመሪያ ዓመታት በሠራተኞች ሰፈር ላይ አደጋ ተጣለ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የስልክ ሽቦም እየተቈረጠ ተወሰደ። ኩባንያው በአንድ በኩል ጠባቂ ወታደር አቆመ። በሌላ በኩል ለባላባቶች ገንዘብ መክፈልና የአገሩን ሰዎች በሥራና በጥበቃ መቅጠር ጀመረ። ሥራው ሊቀጥል የቻለውም ከዚህ በኋላ ነው። ጠመንጃ አንድን ሰፈር ለአንድ ሌሊት ይጠብቃል፤ 300 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዓመቱን ሁሉ ሊጠብቅ የሚችለው ግን በአጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ብቻ ነው።

የሌላ አገር ምሳሌም ይህንኑ ያረጋግጣል። ቱርኮች ከደማስቆ እስከ መዲና 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሒጃዝ ባቡር በ1892 ዓ.ም. ጀምረው በ1900 ዓ.ም. ጨረሱ። በረሃው ውስጥ የሚኖሩት ዐረቦች ግን ለመካ መንገደኞች ግመል በማከራየት ይኖሩ ስለ ነበረ፥ ባቡሩን እንደ ጠላት አዩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐዲዱና ድልድዮቹ ብዙ ጊዜ ፈረሱ፤ ከጦርነቱም በኋላ የመንገዱ ደቡባዊ ክፍል ተትቶ ቀረ። በስምንት ዓመት የተሠራው መንገድ እስከ መዲና ያገለገለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

6. ስለ ገንዘብና ስለ መንግሥታት

ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ፥ የፈረንሳይ መንግሥት ስለ ፈራ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ውል አደረገ፤ በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊረዳውም ተስማማ። አጼ ምኒልክ ግን ይህንን በደስታ አልተቀበሉትም። ፈቃዱን የሰጡት ለነጋዴ ኩባንያ ነው፤ አሁን ግን በበሩ የሚገባው የባዕድ መንግሥት ሊሆን ነው። በአድዋ ደም ፈስሶ የተጠበቀ ነጻነት በብድር ወረቀት እንዳይወሰድ መጠንቀቃቸው ትክክል ነበር። በዚህ ክርክር ምክንያት ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ባደረጉት ውል ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ አንዱ ክፍል ነበር።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ተሰጠ፤ አዲስ ኩባንያም ተቋቁሞ ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። ሐዲዱ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ፥ ከ1,000 ሜትር ገደማ እስከ 2,350 ሜትር ያህል ወጥቶ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ፈቃዱ ከተሰጠ 23 ዓመት አልፎ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ኢልግም በ1908 ዓ.ም. በአገሩ ሞቷል። ሥራውን ያሰቡት ሁለቱም ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም። ድንጋይ የተሸከሙትና ሐዲድ ያነጠፉት ዐረቦች፥ ሱማሌዎች፥ አፋሮች፥ ኦሮሞዎች፥ አማሮችና ሌሎችም ወገኖቻችን በጣቢያው በር ላይ ስማቸው አልተጻፈም። ሆኖም ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በድሬ ዳዋና በአዋሽ እየታደረ በሦስት ቀን የሚያልቅ ሆነ።

7. ሐዲድ በመዘርጋት አያልቅም

የምድር ባቡር እንደ ቤት ክዳን ነው፤ በየዓመቱ ካልታየ ያፈሳል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሱማሌ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መንገዱ ተቋርጦ ነበር። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ባቡር በኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። ኩርባ በሒሳብ የተሠራ ነገር ነው፤ ለስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ተሠራ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ግን ሒሳቡ ሰውን አያድንም። ሐዲዱም እያረጀ፥ ገንዘቡም እያነሰ ሄዶ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ሥራውን አቆመ።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ቆይቷል። ብራና ከብረት አይጠነክርም፤ የቆየው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠባቂ ስላልተለየው ነው። ለባቡርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ አዲስ መስመር ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውንም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ሞተሩ ውሃ አይጠጣም። በዚህ ረገድ የአባቶቻችን ችግር ተቃልሏል። የበረሃው ሰዎች ጉዳይ ግን አልተለወጠም። ግመልና ከብት ሐዲዱን ሲያቋርጥ በባቡር እየተገጨ፥ ስለ ካሣውም ክርክር እየተነሣ፥ ብረትና ሽቦም እየተሰረቀ ሥራውን ብዙ ጊዜ አውኮታል። በ1890 ዓ.ም. የተነሣው ጥያቄ ከ120 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከብት የሚሻገርበትን ስፍራ አስቀድሞ ከከብት ጠባቂው ጋር ተማክሮ መሥራት፥ በየዓመቱ ካሣ ከመክፈልና ባቡር ከማቆም ይልቅ ይረክሳል።

8. ለእኛ ለወሎ ልጆች

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ አጠገብ ወደ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የባቡር መስመር ለመሥራት በ2004 ዓ.ም. ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሟል፤ የመሠረቱም ድንጋይ በ2007 ዓ.ም. ተቀምጧል። መንገዱ ከአዋሽ በረሃ ተነሥቶ የከብት አርቢዎችን አገር ያቋርጣል፤ ከዚያም በብዙ ድልድይና በብዙ ዋሻ አልፎ ወደ ወሎ ደጋ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በገባ ጊዜ በሥራው ንብረት ላይ ጉዳት ደረሰ፤ ሥራውም ከታሰበለት ጊዜ እጅግ ዘገየ። የገንዘብ ማነስና የሰላም መታጣት ሐዲድን እንደሚያቆሙ የድሬ ዳዋው ታሪክ አስቀድሞ አስተምሮን ነበር።

ባቡሩ በመንገዱ ላይ ሲሄድ፥ የባቲው የግመል ነጋዴ፥ የኮምቦልቻው የፋብሪካ ሠራተኛና የሐይቁ ገበሬ በአንድ ገመድ ይተሳሰራሉ። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ጎርፉና ስለ ግጦሹ የቈላውን ሽማግሌ ሳይጠይቁ የሚዘረጋ ሐዲድ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ ዳኛ ወይም ነጋዴ የሚሆን አለ። መሐንዲስ የሚሆነው ወንድማችን ወይም እኅታችን የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ወደ በረሃ በወረደ ጊዜ፥ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ከባለቤቱ ጋር እንዲነጋገር አደራ እንላለን። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም ይህንን ትምህርት ከቍጥሩ ጋር አብረው እንዲያስተምሩን እንለምናለን።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ሐዲድ 12 ሜትር ቢረዝምና ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር ስንት ሚሊ ሜትር ይረዝማል? በሁለት ሐዲዶች መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተዋለህ?

2. አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር፥ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው የባቡር መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፥ በ1,000 ሜትር በአማካይ ስንት ሜትር ይወጣል? አማካዩ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ዋሻና ድልድይ ያስፈለገው ለምንድን ነው?

3. በሰፈርህ ወይም በሰፈርሽ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለን? ክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ከመሥራቱ በፊት የሚፈልገው መልስ ይህ ነውና።